ጋሽ ቆጣሪ እና ዝም ያለው ዝርዝር

ከቤተ መጻሕፍታችን ዋና በር እስከ ጋሽ ቆጣሪ ወንበር ድረስ አርባ ሰባት እርምጃ ነው። እኔ አልለካሁትም፤ እሳቸው ናቸው የነገሩኝ። ሃያ አንድ እርምጃ በቀጥታ፣ ከጋዜጣው መደርደሪያ ጋ ሲደርሱ ወደ ግራ መታጠፍ፣ ከዚያ ሃያ ስድስት። ሥራ በጀመርኩበት ቀን የጽዳት ሠራተኛዋ ባልዲዋን መተላለፊያው መካከል ትታ ሄዳ ኖሮ፣ ጥቁር መነጽር ያደረጉ ቀጭን ሰው በቀጥታ ወደ ባልዲው ሲሄዱ ባይ ደንግጬ «ጋሼ፣ ይጠንቀቁ!» ብዬ ጮህኩ።

እሳቸው ግን ባልዲውን በስሱ ዞሩትና ቆሙ። «ባልዲውን አውቀዋለሁ፤ ጨርቁ ላይ ያለው ውሃ ጠብ ጠብ ሲል ሰምቼዋለሁ። የማላውቀው አንቺን ነው። ማን ነሽ?»

«አዲሷ አንባቢ ነኝ።»

«ጩኸትሽ ጥሩ ነው። ንባብሽንም እንሰማዋለን።»

እንዲህ ተዋወቅን። አብረን የሠራንበት ክፍል ጠባብ ነበር። ሥራው የታተመ መጽሐፍን ወደ ብሬል፣ ማለትም ዓይነ ስውራን በጣታቸው ዳብሰው ወደሚያነቡት የነጥብ ጽሑፍ መገልበጥ ነው። እኔ ከመጽሐፉ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነባለሁ፤ ጋሽ ቆጣሪ እየሰሙ በኮምፒውተር ይጽፋሉ፤ ሲያልቅ ጥግ ላይ ያለችው ማተሚያ ወፍራም ወረቀት ላይ ነጥቡን እየወጋች ታወጣዋለች። ስትሠራ በረዶ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ይመስላል፤ ከጎረቤት ክፍል «ኧረ ዝም አሰኟት!» የሚል ድምፅ ያልተሰማበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ስማቸው ሌላ ነው። ነገር ግን ከቤተ መጻሕፍታችን ኃላፊ ጀምሮ እስከ በር ጠባቂው ድረስ በስማቸው የሚጠራቸው አልነበረም። እርምጃ ይቆጥራሉ፣ ደረጃ ይቆጥራሉ፣ የገጹን መስመር፣ የመስመሩን ፊደል ይቆጥራሉ። ስልክ ሲያነሡም «አቤት፣ ቆጣሪ ነኝ» ነበር የሚሉት። አንድ የማያውቃቸው ደዋይ «ታዲያ በዚህ ወር ስንት መብራት ቆጠርክ?» ብሏቸው ሳምንቱን ሙሉ ሲስቁ ከረሙ።

በስድስት ዓመታቸው ኩፍኝ ዓይናቸውን ወሰደው። እናታቸው እጃቸውን ይዘው አልመሯቸውም፤ ከፊት ከፊታቸው እየሄዱ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» እያሉ ጮክ ብለው ይቆጥሩላቸው ነበር። «እናቴ የነበራቸው ትምህርት እስከ መቶ መቁጠር ብቻ ነው» ይሉኝ ነበር ጋሽ ቆጣሪ። «እሱኑ፣ ምንም ሳያስቀሩ፣ ሙሉውን ለእኔ ሰጡኝ።»

ባለቤታቸው ከመንገዱ ማዶ ልብስ ሰፊ ናቸው። ቀልደኛ ሴት ናቸው። «ቁም ሣጥኑን አንድ ክንድ ባስጠጋው ሦስት ቀን አኮረፈኝ» ብለው ይከሷቸዋል። «ቁም ሣጥን አይደለም ያስጠጋሽው፤ ቤቱን ነው ያፈረስሽብኝ» ይመልሳሉ እሳቸው።

እኔን «አፌ» ነበር የሚሉኝ። ሰው መጥቶ «ይህች ልጅ ዓይንዎ ናት» ሲላቸው ይቆጣሉ። «የለም፣ እኔ ዓይን አልጎደለኝም። አፍ የጎደለው ወረቀቱ ነው። አፌ ናት።»

የመጀመሪያው ወር ትምህርቴ ታዲያ የማይነበበውን ማወቅ ነበር። በድሮ መጻሕፍት የገጹ ዳር በሐረግ ያጌጣል፤ በምዕራፍ መካከል ኮከብ ይደረደራል፤ ከርዕስ ሥር ጥምዝምዝ መስመር ይሰመራል። እኔ እንደ ትጉ ተማሪ ያየሁትን ሁሉ እየጠራሁ «ኮከብ፣ ኮከብ፣ ኮከብ» ስል፣ ጋሽ ቆጣሪ እጃቸውን ከኪቦርዱ ያነሣሉ። «አፌ፣ ኮከቡን ለሰማይ ተዪለት። ለጣት የሚጠቅመው ቃሉ ነው፤ ቃሉን ስጪኝ።» ከዚያ በኋላ ጌጥ የሚባል ነገር ዓይኔ ቢያየውም አፌ የማይጠራው ሆነ። ስድስት ዓመት እንዲህ አነበብኩ።

ኮምፒውተሯ አሮጌ ነበረች፤ ውስጧም ሁለት ሲስተም ነበራት። ሲስተም የሚሉት ኮምፒውተር ሲበራ ከሁሉ አስቀድሞ ተነሥቶ ሌላውን ሁሉ የሚያሠራው ዋና ፕሮግራም ነው። አንደኛው ከሰዓት በኋላ በዚያችው ኮምፒውተር ለምትሠራው ለካታሎግ ሠራተኛዋ፣ ሁለተኛው ለጋሽ ቆጣሪ ነበር። የስክሪኑን ጽሑፍ በድምፅ እያነበበ የሚያናግራቸው ፕሮግራምና የብሬል ማተሚያዋን የሚያዘው ፕሮግራም ያሉት በእሳቸው ሲስተም ውስጥ ብቻ ነው። ኮምፒውተሯ ስትበራ ጥቁር ስክሪን ላይ አጭር ዝርዝር ታወጣለች፤ ከሁለቱ የትኛው ይነሣ ብላ ትጠይቃለች፤ በቀስት ቁልፍ ወርዶ የፈለጉት ላይ ኤንተር መጫን ነው። እኔ ያን ዝርዝር በየማለዳው አየዋለሁ፤ አስቤበት ግን አላውቅም።

አንድ ሐሙስ ከዋናው መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ባለሙያው መጣ። በወገቡ የቁልፍ ዘለላ ያንጠለጠለ፣ ችኩል ግን ትሑት ሰው ነው። ለካታሎጉ ሥራ አዲስ ሲስተም ጫነና ወደሚቀጥለው ቅርንጫፍ ተሻገረ።

በማግስቱ ዓርብ ጧት ጋሽ ቆጣሪ እንደ ልማዳቸው ካፖርታቸውን ሰቀሉ፣ ተቀመጡ፣ ማብሪያውን ተጫኑ። ጣታቸው ቀስቱ ላይ ነው። አንዴ ወደ ታች፣ ኤንተር። ጠበቁ። ድምፅ የለም። አጥፍተው እንደገና አበሩ። አሁንም የለም።

«አፌ፣ ምን ይላል?»

«ምንም አይልም። ሐይቅ ነው የሚታየው። ከኋላው ተራራ ያለበት።»

«ሐይቅ አላዘዝኩም። ዝርዝሩስ?»

«አልወጣም። በቀጥታ እዚህ ነው የገባው።»

በዚያች ቅጽበት ነበር ስድስት ዓመት ያልጠየቅኩትን የጠየቅኩት። «ጋሽ ቆጣሪ፣ እስከ ዛሬ ግን ዝርዝሩ መውጣቱን በምን ያውቁ ነበር?»

«ስትበራ የማቀዝቀዣዋ ነፋስ ይነሣል። ቀጥሎ ዲስኩ ይንኮሻኮሻል፤ አይጥ ወረቀት ስትበላ ዓይነት። ዝም ሲል አራት እቆጥራለሁ። አንዴ ወደ ታች፣ ኤንተር። እንደገና መንኮሻኮሽ ይጀምራል። መቶ አሥር ስደርስ ትናገራለች። ከመቶ በላይ ያለችውን አሥር እኔው ነኝ በናቴ ላይ የጨመርኳት።»

«የሚናገረው ፕሮግራም እዚያ አይረዳዎትም እንዴ?»

«እንዴት ብሎ? እሱ ራሱ ገና አልተነሣም እኮ! እዚያ ቦታ ላይ ማንም የለም፤ ድምፅ የሚባል ነገር የለም። አንቺ ጽሑፍ ታያለሽ፤ ለእኔ ባዶ ነው። ቆጥሬ ነው የማልፈው።»

እኔ በየማለዳው ሻርፔን ስፈታና እርሳስ ስቀርጽ፣ እኚህ ሰው ከአጠገቤ ሆነው ድምፅ በሌለው ጨለማ ውስጥ በቁጥር ብቻ ይሻገሩ ነበር። አንድ ቀን እንኳ «ተሻገርኩ» አላሉም። ሁሉን ትቼ ዓይኔን ጨፈንኩና ኮምፒውተሯን ለማዳመጥ ሞከርኩ። የሰማሁት የራሴን ሆድ ነበር።

ኃላፊዋ ወሬውን ሰምተው መጡ። ደግ ሴት ናቸው፤ ቀኑን ያከበደውም ደግነታቸው ነው። ሰኞ ጧት ዘጠኝ ዓይነ ስውራን ተማሪዎች የዓመቱን መጨረሻ ፈተና ይፈተናሉ፤ ጥያቄው ዛሬ በብሬል ታትሞ መውጣት አለበት።

«ጋሽ ቆጣሪ፣ እስከ አሥር ሰዓት እጠብቃለሁ» አሉ በለሰለሰ ድምፅ። «ካልሆነ ጥያቄውን በመኪና ወደሌላ ከተማ ማተሚያ ቤት እልከዋለሁ። እንዲህ ያለው ሥራ አንዴ ከሄደ አይመለስም፤ ይህን ክፍልም ይዘጉብናል። ለእርስዎ ግን አስቤበታለሁ፤ ስልክ ክፍል ወንበር አለ። ለስላሳ ወንበር ነው፣ ምንም አያደክምዎትም።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አሉ ጋሽ ቆጣሪ። «የአሁኑ ወንበሬ አላደከመኝም ግን።»

ኃላፊዋ ሲወጡ ጋሽ ቆጣሪ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉት። ሲጠርጉት ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ያን ክፍል ከባዶ ያቋቋሙት እሳቸው ናቸው፤ በከተማው ያሉ ዓይነ ስውራን ተማሪዎች ሁሉ መጀመሪያ የዳሰሱት ገጽ ከዚያ የወጣ ነው። ስልክ ክፍል ማለት ለእሳቸው «በቃዎት» ማለት ነበር።

ባለሙያውን በስልክ አገኘነው። ማዳመጫውን በእሳቸውና በእኔ ጆሮ መካከል ያዝኩላቸው፤ እጃቸው ለኪቦርዱ ነጻ እንዲሆን።

«ጋሼ፣ እኔ ምንም አልነካሁም፤ አዲሱን ከጎን ነው ያስቀመጥኩት» አለ።

«ከጎን ያስቀመጥከው በሬን ዘጋብኝ።»

«ገባኝ፣ ገባኝ። አሁን ዝርዝሩን የሚያዘጋጀው አዲሱ ሲስተም ነው። የሱ ጠባይ ደግሞ ሌሎች ሲስተሞች መኖራቸውን ዞር ብሎ አይፈልግም፤ ብቻዬን ነኝ ብሎ ዝርዝሩን ሳያሳይ ይነሣል። የማስተካከያ ፋይል አለው። እሱን እንክፈት።»

ፊደል በፊደል ነገራቸው፤ ጋሽ ቆጣሪ ጻፉ፤ እኔ በስክሪኑ ላይ የወጣውን አነበብኩ። ረጅም የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ነበር፤ አብዛኛው ማብራሪያ። ባለሙያው የሚፈልገው አንዲት መስመር ናት፦ «ሌሎችን መፈለግ ይከልከል?» የምትል ዓይነት፤ መልሷም «አይከልከል» መሆን አለበት። አገኘኋትና አነበብኩ።

«እና መልሱ ምንድን ነው የሚለው?»

«አይከልከል ነው የሚለው።»

ባለሙያው አላመነኝም። «እርግጠኛ ነሽ?»

«ፊደሉን ልቁጠርልህ?» ብዬ አንድ በአንድ ጠራሁለት።

«እንግዲያው ልክ ነው። ዝርዝሩ እንዲታደስ ትእዛዙን ስጡት።» ትእዛዙን ሰጠን። ስክሪኑ ያገኘውን ሲዘረዝር ያለው አዲሱ ሲስተም ብቻ ነበር። ሌላ የለም።

ባለሙያው በረጅሙ ተነፈሰ። «ፈልግ ተብሎ፣ ፈልጎ ካላገኘማ… የሉም ማለት ነው። ስጭን ሳላውቅ ጠርጌያቸው ይሆናል። ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ ሰኞ እመጣለሁ።»

«ሰኞ ፈተናው ነው፣ ልጄ» አሉና ጋሽ ቆጣሪ ማዳመጫውን ከጆሯቸው በቀስታ ገፉት።

በስድስት ሰዓት ባለቤታቸው ምሳ ይዘው ገቡ፤ የልኬት ሜትራቸው አንገታቸው ላይ እንደ ተንጠለጠለ ነው። ነገሩን ስነግራቸው ሳቁ። «ስልክ ክፍል? እሱን? ‹ኃላፊዋን አገናኙኝ› ያለውን ሰው ‹ከበሩ አርባ ሰባት እርምጃ ነው፣ ራስህ ና› ነው የሚለው!»

ጋሽ ቆጣሪ አልሳቁም። የምሳ ዕቃውንም ሳይከፍቱ መለሱላቸው።

ባለቤታቸው ሲወጡ በሩ ጋ እጄን ያዙኝ። ቀልዱ ከፊታቸው ጠፍቷል። «ሃያ ሁለት ዓመት አብረን ኖረናል። ምሳ ሳይበላ ሲመልስልኝ ይህ ሁለተኛው ነው። የመጀመሪያው እናቱ የሞቱ ዕለት ነበር።» ይህን ብለው መንገዱን ተሻገሩ።

ስመለስ ጋሽ ቆጣሪ ጀርባቸውን አቅንተው ተቀምጠዋል፤ የካታሎግ ሠራተኛዋ መጥታ ኮምፒውተሯን ለዕለቱ ስትተውልንም እንዲሁ ነበሩ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አፋቸውን ከፈቱ። «አፌ፣ ያቺን መስመር እንደገና ክፈቺልኝ።»

«አንብቤያታለሁ እኮ፤ ትክክል ናት።»

«አንቺ አንብበሻታል። እኔ አልሄድኩባትም። ሰው የነገረኝን መንገድ አንድ ጊዜ በእግሬ ካልሄድኩበት አላምነውም። ፊደሎቹን ከነሰረዞቹ አንድ በአንድ ጥሪልኝ።»

ጠራሁላቸው። በጣታቸው ጉልበታቸውን እየነኩ ቆጠሩ። «ሃያ ስምንት። አሁን ጠቋሚው ከመስመሩ መጀመሪያ ላይ ይሁን። እኔ ወደ ቀኝ እሄዳለሁ፤ መጨረሻው ላይ ስደርስ ቁም በዪኝ።»

የቀኙን ቀስት መጫን ጀመሩ። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። ብልጭ ድርግም የምትለው ጠቋሚ ፊደሎቹን እያለፈች ሄደች።

«ቁም።»

ጣታቸው ቆመ። ፊታቸው ወደ እኔ ዞረ፤ እንዲህ ሲዞር የሚያዩ ይመስላሉ። «ሃያ ዘጠኝ» አሉ።

«ተሳስተው ይሆናል።»

«ምን አልሽ?»

«ማለቴ… እንድገመው።» ደገሙት። ሃያ ዘጠኝ። ሦስተኛ ጊዜ። ሃያ ዘጠኝ።

«አፌ፣ አንድ እርምጃ ተርፎኛል። በዚህ መስመር ላይ ያልነገርሽኝ አንድ ነገር ቆሟል።»

ወደ ስክሪኑ ተጠጋሁ። ያን ጊዜ አየኋት ብል ውሸት ነው፤ ጧቱን ሙሉ ሳያት ነው የዋልኩት። «ጋሼ፣ ከመስመሩ ፊት አንዲት ነገር አለች፤ ግን ጽሑፍ አይደለችም፤ ጌጥ ናት።»

«ምን ዓይነት ጌጥ?»

«አጥር የመሰለች። ሁለት ቁም መስመር፣ ሁለት አግድም። የዚህ ብቻ አይደለችም፤ ከላይ እስከ ታች ከብዙው መስመር ፊት ተደርድራለች። ልክ እንደ… እንደ ሐረግ።»

ጋሽ ቆጣሪ በጣም ቀስ ብለው «ጌጥ አታንብቢ ያለሽ ማን ነው?» አሉ።

«እርስዎ።»

«እኔው ነኝ!» ብለው ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መቱት፤ ያን ጊዜ ሳቁ፤ ትከሻቸው እስኪነቃነቅ ሳቁ። «ስድስት ዓመት ሙሉ አስተምሬ፣ አስተምሬ፣ በራሴ ላይ ዘጋሁት! አፌ፣ እሷ ጌጥ አይደለችም። እንዲህ ባለ ፋይል ውስጥ ያቺ ምልክት ከፊቱ የቆመችበትን መስመር ማሽኑ አያነበውም፤ ለሰው የተጻፈ ማስታወሻ ነው ብሎ ይዘለዋል። ፈቃዱ ተጽፏል፤ ግን ያነበበው የለም። ሲስተሞቹ አልጠፉም፤ የፈለጋቸውም የለም!»

አንድ ሙሉ ሲስተም፣ የስድስት ዓመት ሥራ፣ የአንድ ሰው ወንበር፣ ከአንዲት ትንሽ ምልክት ጀርባ ተደብቆ ነበር። ባለ ዓይኖቹ፣ እኔም ባለሙያውም፣ «የለም» ብለን ዘጋነው። ያገኙት የማያዩት ሰው ናቸው፤ ያውም በቀስት ቁልፍ ረግጠው።

ጋሽ ቆጣሪ ወደ መስመሩ መጀመሪያ ተመለሱና ምልክቷን ራሳቸው አጠፏት። አንድ ጠቅታ ብቻ። ትእዛዙን እንደገና ሰጡ። ስክሪኑ ላይ መስመር በመስመር መውጣት ጀመረ። አዲሱ። ከዚያ ቆየት ብሎ «ተገኘ» የሚል መስመር፤ የካታሎጉ። ቀጥሎ ሌላ «ተገኘ»። ከማንበቤ በፊት ስሙን ሁለት ጊዜ በዓይኔ ደገምኩት።

«አፌ?»

«የእርስዎ… የእርስዎ ተገኝቷል።»

አንገታቸውን ብቻ ነቀነቁ። «እንግዲህ ፋይሉን ከላይ ጀምረሽ አንብቢልኝ። ሐረጉንም፣ አቧራውንም፣ ምንም ሳትተዪ።»

አነበብኩ። ዝርዝሩ ተደብቆ እንዲያልፍ የምታዝ መስመር ነበረች፤ እንዲታይና ሃያ ሰከንድ እንዲጠብቅ አደረጓት። ወደ መጨረሻው ስደርስ እንዲህ አልኩ፦ «አጥር። ቀጥሎ ‹የመነሻ ዜማ› የሚል ነገር። ቀጥሎ ቁጥር፤ አራት መቶ ሰማንያ፣ አራት መቶ አርባ፣ አንድ።»

እጃቸው አየር ላይ ቀረ። «ምን አልሽ?»

ደገምኩላቸው።

«አራት መቶ አርባ የሙዚቃ ሰዎች መሣሪያቸውን የሚቃኙበት ድምፅ ነው» አሉ እንደ መንሾካሾክ። «ዝርዝሩ ሲወጣ ድምፅ እንዲያሰማ ነው የተጻፈው። እዚያ ቦታ ላይ! አንድ ሰው፣ የት አገር እንዳለ እንጃ፣ ይህን ጽፎ አስቀምጦታል። በአጥር አጥሮ አስቀምጦታል።»

ከዚህ በላይ አልተናገሩም። ያቺንም ምልክት አጠፏት፤ ዝርዝሩን አደሱ፤ ኮምፒውተሯ ጠፍታ እንድትነሣ አዘዙ። ኃላፊዋ በሩ ላይ የቆሙት በዚህ ጊዜ ነው። አሥር ሰዓት ሊሞላ ሩብ ጉዳይ ነበር። ገና «ምን ላይ ደረሳችሁ?» ሊሉ ሲሉ ጣቴን ከንፈሬ ላይ አድርጌ ዝም አሰኘኋቸው።

ነፋሱ ተነሣ። ዲስኩ ተንኮሻኮሸ። ጋሽ ቆጣሪ ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ መቁጠር ጀምረው ነበር፤ ሁለት እንዳሉ ከኮምፒውተሯ ሆድ ውስጥ አንዲት ቀጭን ድምፅ ተሰማች። «ጢጥ!»

መቁጠራቸውን አቆሙ። ሁለት እጃቸውን ከኪቦርዱ አነሡና በደረታቸው ፊት ያዟቸው፤ ሰው ቤት በር አንኳኩቶ «ማነው?» እንደተባለ እንግዳ። ምን ያህል እንደቆዩ አላውቅም። እኔ ሃያ ሰከንዱ ሊያልቅ ነው ብዬ ስጨነቅ፣ እሳቸው ፊታቸው ላይ ያለውን ነገር ለማየት አፍሬ ዓይኔን ወደ ስክሪኑ መለስኩ።

«አፌ፣ ስንተኛው ነኝ?»

«አንደኛው አዲሱ፣ ሁለተኛው የአዲሱ ተጨማሪ ምርጫ፣ ሦስተኛው የኮምፒውተሯ ማህደረ ትውስታ ምርመራ፣ አራተኛው የድሮው ካታሎግ። አምስተኛው እርስዎ።»

አራት ጊዜ ወደ ታች ወረዱ፤ ኤንተር። ዲስኩ ቀጠለ። ከብዙ ዝምታ በኋላ ያቺ የማውቃት ደረቅ የማሽን ድምፅ እንደ ዘወትሩ «ዝግጁ ነኝ» አለች። ኃላፊዋ «እሰይ!» ብለው እጃቸውን አጨበጨቡ፤ ወዲያውም የመሥሪያ ቤት ሰው መሆናቸው ትዝ አላቸው።

«ታዲያ ጋሽ ቆጣሪ፣ ከፈለጉ የእርስዎን አንደኛ እናድርገው፤ ምንም ሳይጫኑ በቀጥታ እንዲገቡ» አሉ።

«ከሰዓት የምትገባው ሴትዮ የእኔ ቤት ውስጥ ትውደቅ? አይሆንም። አንደኛው የእሷ ይሁን። እኔ እንደሆነ መውረድ አውቃለሁ።» ይህን ብለው ኮምፒውተሯን አጠፏት።

«እንዴ! ምነው አጠፉት?»

«ሁለታችሁም ውጡልኝ። በሩንም ዝጉት።»

ወጣን። መተላለፊያው ላይ ጎን ለጎን ቆምን። በበሩ ውስጥ አልፎ የቁልፍ ጠቅታ አይሰማም። ያቺ ቀጭን ድምፅ ግን ተሰማች፤ ከዚያ ጸጥታ ሆነ። ኃላፊዋ ክንዴን ጨምድደው ይዘውታል፤ እኔም እጃቸውን። ያ ጸጥታ ረዘመ። ቀድሞ ስንት ሺ ጊዜ አልፎኝ ይሆን? አሁን ግን የሞላ ወንዝ ዳር ቆሜ ወደ ማዶ የሚሻገር ሰው የምጠብቅ መሰለኝ።

«ዝግጁ ነኝ» አለች ማሽኗ ከውስጥ።

ኃላፊዋ ክንዴን ለቀቁት። ዓይናቸውን በመሐረባቸው ጠረጉና «ሂጂና ሾፌሩን መኪናዋን አስገባት በዪው፤ የትም አንልክም» አሉኝ። ጥቂት ቆይተው ደግሞ፣ ለራሳቸው እንደሚናገሩ ያህል፣ «እኔ ለስላሳ ወንበር እላለሁ» አሉ።

በሩ ተከፈተ። ጋሽ ቆጣሪ እጅጌያቸውን እስከ ክርናቸው ጠቅልለዋል።

«ቆማችሁ ምን ታወራላችሁ? ዘጠኝ ልጆች ይጠብቃሉ፤ ጥያቄው ደግሞ አርባ ነው። አፌ፣ ነይ እንጂ!»

ለሾፌሩ ነግሬ በሩጫ ተመለስኩ። የፈተናውን ፖስታ ቀደድኩና ጥያቄ አንድን ማንበብ ጀመርኩ።